ጀበና ሲከብድ፦ ስለ አውራ ጣት ሥር ሕመም

የእናቴ ታላቅ እህት የሚኖሩት ወሎ ውስጥ፣ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው። ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ስሄድ እንደ ወጉ ቡና አፈሉ። አቦሉን ሲቀዱ ጀበናው እጃቸው ላይ ተንቀጠቀጠ። ቡናው ሲኒውን ስቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። በግራ እጃቸው ከሥር ደግፈው እንደምንም ጨረሱ። ቶናውን የቀዳችው የልጅ ልጃቸው ናት።

«እትዬ፣ እጅዎን ምን ነካዎት?» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፣ ብርድ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው» አሉኝ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት ያልሞከሩት የለም። ወጌሻ እየጎተተ አሽቷቸዋል። ጎረቤት «ሪህ ነው» ስላላቸው ሥጋና ምስር ትተዋል። ከአንድ መድኃኒት ቤት ስሙን የማያውቁትን እንክብል እየገዙ ጨጓራቸው እስኪቃጠል ውጠዋል። አንድም ሰው ግን እጃቸውን ይዞ «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት? ምን ሲሠሩ ይብስብዎታል?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳይ፣ እንደ እትዬ ያሉ እናቶች በየቤቱ አሉ። ፈታዮች አሉ። መሶብ የሚሰፉ አሉ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ የሰው ልብስ የሚያጥቡ አሉ። «ቁርጥማት ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ ሥራቸውንም ይቀጥላሉ።

የተደበቀው አንጓ

አውራ ጣትዎን ይመልከቱት። ብዙ ሰው አውራ ጣት ሁለት አንጓ ብቻ ያለው ይመስለዋል። አንዱ ጥፍሩ አጠገብ ነው፣ ሌላው መሐሉ ላይ። ሦስተኛው ግን ሥጋ ውስጥ ተደብቋል። የመዳፉን ወፍራም ሥጋ ተከትለው ወደ እጅ አንጓ ሲወርዱ እዚያው ሥሩ ላይ ያገኙታል። የአውራ ጣት ረጅሙ አጥንት ትራፔዚየም ከምትባል ትንሽ አጥንት ጋር የሚጋጠመው እዚያ ነው።

ሐኪሞች ይህን መገጣጠሚያ በቅርጹ «ኮርቻ» ይሉታል። ሁለቱም አጥንቶች ፊታቸው እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ብሎ አንዱ ሌላው ላይ ይቀመጣል። አውራ ጣት ወደ ፊትም ወደ ጎንም የሚሄደው፣ ዞሮም የትንሿን ጣት ጫፍ የሚነካው በዚህ ምክንያት ነው። መርፌ መያዝ፣ እንዝርት ማሾር፣ ጉርሻ መጠቅለል የምንችለው በዚህች ቦታ ነው።

በበቅሎ የሄደ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ማሰሪያው ሲላላ ኮርቻው ይንሸራተታል። የሚንሸራተት ኮርቻ ጀርባ ይልጣል፤ በቅሎዋን ገጣባ ያደርጋታል። እዚህም እንደዚያው ነው። መገጣጠሚያውን ወጥረው የያዙት ጅማቶች ሲላሉ አጥንቱ ከቦታው ጥቂት ጥቂት ይንሸራተታል። የአጥንቶቹን ፊት የሸፈነው ልሙጥ ልባስ፣ ካርቲሌጅ የሚባለው፣ እየሳሳ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ዙሪያውን ያለው ሽፋን ይቆጣል፣ ያብጣል። ኦስቲኦአርትራይተስ የሚሉት ይህንን ነው። ጉልበት ላይ ሲወጣ ሁላችንም እናውቀዋለን። እጅ ላይ ሲወጣ ግን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። እኔን በጣም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ጫፍ 1 ኪሎ በሚያህል ኃይል ስንቆነጥጥ፣ ሥሩ ላይ ያለው መገጣጠሚያ የሚሸከመው ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል። የአጥንት ሐኪሞች ይህን አስልተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ጫፉ ላይ ቀላል የሆነው ሥሩ ላይ ከባድ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ፈትልን አስቡት። ባዘቶው በአንድ እጅ ይያዛል፣ እንዝርቱ በሌላኛው ይሾራል። ክሩን ቆንጥጦ መሳብ፣ ማሾር፣ መጠቅለል፣ እንደገና መሳብ ነው። ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ፈትል እስኪወጣ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚቆነጠጥ ማን ይቆጥረዋል? ስፌትም ያው ነው። ወስፌውን ጨብጦ መውጋት፣ አክርማውን በጣት ጫፍ መሳብ። ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ የረጠበ ብርድ ልብስ መጠምዘዝ፣ የጀሪካን ክዳን ማጥበቅ ሲጨመርበት ቀኑ ያልቃል። ላም የሚያልብ ሰው አውራ ጣቱን አጥፎ ጡቱን በአንጓው ይጫናል። የገጠር ሥራችን አብዛኛው በአውራ ጣት ሥር ላይ ያለፈ ነው።

ሥራ ብቻውን ግን በሽታውን አያመጣውም። እንደዚያ ቢሆን ፈታይ ሁሉ ይታመም ነበር። ዕድሜ አለበት። ሴት መሆን አለበት፤ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ባሉት ዓመታት ይበዛል። በዘር የሚመጣ አለ። ከልጅነቱ መገጣጠሚያው ላላ ያለ ሰው አለ። ድሮ ወድቆ አውራ ጣቱ ሥር ተሰብሮ የነበረ፣ አጥንቱም ተጣሞ የገጠመ ሰው አለ። የሰውነት ውፍረትም ከእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ጋር ይያያዛል። እጅ ሰውነት እንደማይሸከም ስለማውቅ ይህኛው መጀመሪያ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር፤ ግን ነው።

ብርዱስ? የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ሰው «ብርድ መታኝ» ማለት ይቀለዋል። ብርድ ሕመሙን ሊያባብስ፣ እጅንም ሊያደድር ይችላል። ሙቀትም ያስታግሳል። ካርቲሌጁን የሚያሳሳው ግን ብርድ አይደለም። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ሕመሙን ብርድ ላይ ያላከከ ሰው ጋቢውን ይደርባል እንጂ አያያዙን አይቀይርም።

በምን ይታወቃል?

ሕመሙ የሚነሳው ስንቆነጥጥና ስንጠመዝዝ ነው። ቁልፍ ሲዞር፣ ክዳን ሲከፈት፣ ጀበና ሲነሳ፣ የልብስ ቁልፍ ሲቆለፍ። ዕረፍት ሲያገኝ ይበርዳል። ጠዋት እጅ ጥቂት ይደድርና ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል። እየቆየ ሲሄድ የአውራ ጣቱ ሥር ወጣ ብሎ እንደ ትከሻ ይሆናል፤ ከላይ ሲያዩት አራት ማዕዘን ይመስላል። የእትዬ እጅ ልክ እንደዚያ ነበር። ዕቃ ከእጅ ማምለጥም ይመጣል። አንዳንዶች ሲያንቀሳቅሱት ኳኳታ ወይም ፍጭት ይሰማቸዋል።

ሐኪሙ ሥሩን ጫን ብሎ፣ ጣቱን ይዞ ቀስ ብሎ አሽከርክሮ ያየዋል። ራጅ ሊያዝዝ ይችላል። ስለ ራጅ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ራጁና ሕመሙ ሁልጊዜ አይስማሙም። ራጃቸው ክፉኛ የተበላ መገጣጠሚያ እያሳየ ብዙም የማያማቸው አሉ። ራጃቸው ጥቂት ለውጥ ብቻ አሳይቶ ሌሊት የሚቀሰቅሳቸውም አሉ። ስለዚህ «ራጁ መጥፎ ነው» ተብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። «ራጁ ደህና ነው» ተብሎ ሕመምተኛን ዋሾ ማድረግም ግፍ ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታቱ ሕመሞች አሉ። አራስ እናት ልጇን ስታነሳ በአውራ ጣቷ በኩል ከእጅ አንጓ በላይ ከቆረጣት፣ ብዙ ጊዜ የተቆጣው የጅማቱ መተላለፊያ ነው፤ ሕክምናው ይለያል። ሌሊት ጣቶች የሚደነዝዙ ከሆነ የነርቭ መጨቆን ሊሆን ይችላል። የሁለቱም እጅ አንጓዎች አብጠው ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚደድሩ ከሆነ ሩማቶይድ የሚባለው ሌላ በሽታ ይጠረጠራል። ይኼኛው ቶሎ ካልታከመ መገጣጠሚያን ይበላል፤ ቀጠሮ ሊተላለፍ አይገባም። አንጓው በድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ነው።

«ሪህ ነው» ስለሚባለው ነገርም ልናገር። ትክክለኛው ሪህ ደም ውስጥ ዩሪክ አሲድ ሲበዛ የሚመጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እግር አውራ ጣት ላይ ነው፤ በአንድ ሌሊት ይነድዳል። እትዬ ሪህ አልነበራቸውም። በከንቱ ነው ሁለት ዓመት ሥጋና ምስር የተዉት። በዚያ ዕድሜ ምስር መተው ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሸክሙን ማቅለል

ካርቲሌጅን መልሶ የሚያበቅል መድኃኒት እስካሁን የለም። አለ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ሕመሙ ቀሎለት ይኖራል። ሕክምናው የሚጀምረው ከአያያዝ ነው። ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው ገንዘብ ስለማይጠይቅና የሚናገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ሐሳቡ አንድ ነው። በጣት ጫፍ የሚያዘውን በመዳፍ መያዝ፣ በአንድ እጅ የሚነሳውን በሁለት እጅ ማንሳት። ጀበናውን ሙሉ አይሙሉት፤ ሲቀዱም ሌላኛው እጅ በወፍራም ጨርቅ ከሥር ይደግፍ። የጀሪካን ክዳን በመዳፍ ተጭኖ ይዞር። የቢላዋና የማማሰያ እጀታ ላይ ጨርቅ ወይም የጎማ ቁራጭ ይጠቅለል፤ እጀታ ሲወፍር ጣት ያርፋል። ዘንቢል በጣት ከሚንጠለጠል ክንድ ላይ ይግባ። የታጠበ ልብስ ከሚጠመዘዝ በሁለት መዳፍ ይጨመቅ፣ ወይም ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ተሰቅሎ ይቆይ። ነጭ ሽንኩርት በሙቀጫ መታ ሲደረግ ልጡ ራሱ ይለቃል። ላም ሲታለብ አውራ ጣት ሳይታጠፍ በሙሉ እጅ ይታለብ።

ፈትል ላይስ? እትዬን «ፈትል ይተዉ» ማለት አልቻልኩም። ፈትል ገቢያቸው ነው፤ ከጎረቤት ጋር የሚያወጉበትም ነው። ስለዚህ የተስማማነው መከፋፈል ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈትለው እጃቸውን ያሳርፋሉ፤ ሕመሙ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት። ይህች «በፊት» የምትል ቃል ብዙ ነገር ትቀይራለች። ሕመሙ እስኪነሳ የጠበቀ ሰው ማታውን ሙሉ ይከፍልበታል።

ለወጣቶችም አንድ ነገር። ስልክ ላይ በአውራ ጣት ሲጽፉ የሚያማችሁ ከሆነ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ በጠቋሚ ጣት ጻፉ፣ ወይም ድምፅ ላኩ።

ቀጥሎ የጣት ደጋፊ አለ። የአውራ ጣቱን ሥር ይዞ የሚያሳርፍ፣ ሌሎቹን ጣቶች ግን የማያግድ ማሰሪያ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ለእጅዎ የሚስማማውን ያሳያል፤ በከተማ የሕክምና ዕቃ መሸጫ ውስጥም ይጠይቁ። ሰዎች ደጋፊውን ሁለት ሳምንት አድርገው «አልሠራልኝም» ብለው ይጥሉታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት 112 ሰዎችን ተከታትሏል። ደጋፊውን ሌሊት ሌሊት ያደረጉት በመጀመሪያው ወር ካላደረጉት አልተለዩም። በዓመቱ ግን ሕመማቸው በግልጽ ቀንሶ ነበር። ደጋፊ ትዕግሥት ይፈልጋል።

እንቅስቃሴም አለው፤ ግን የዋህ እንቅስቃሴ። እጅን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለውን ሥጋ በሌላኛው እጅ ቀስ ብሎ ማሸት፤ እዚያ ያለው ጡንቻ ሲጠብቅ አውራ ጣትን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ሁለቱን ጣቶች አጋጥሞ ክብ መሥራት፣ የአውራ ጣት አንጓ ሳይሰበር ክብነቱን መጠበቅ። ጠቋሚ ጣት ላይ ላስቲክ አጥልቆ ጣቱን ወደ አውራ ጣት በኩል መግፋት፤ ይህ የመገጣጠሚያውን ሥር የሚደግፈውን ጡንቻ ያጠነክራል። ካመመ ይቆማል። «ካላመመ አይሠራም» የሚባለው እዚህ ቦታ የለውም።

ወጌሻን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ላስቀምጥ። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ሰው ነው፤ ብዙ ቤት ውስጥም ውለታ አለው። የተቆጣና ማሰሪያው የላላ መገጣጠሚያን መጎተት ግን የባሰ ያላላዋል። በእሳት መተኮስና በምላጭ መብጣትም ቁስልና ኢንፌክሽን እንጂ ሌላ አያተርፍም።

መድኃኒት፣ መርፌ፣ ቀዶ ሕክምና

ከመድኃኒት መጀመር ያለበት የሚቀባው ነው። የዳይክሎፌናክ ቅባት እጅ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ መገጣጠሚያው ከቆዳ ሥር ቅርብ ስለሆነ። ወደ ደም የሚገባውም ጥቂት ነው። ዓይንን ከመንካት በፊት እጅ መታጠብ ብቻ ነው።

የሚዋጡት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ሕመም ሲበረታ ለጥቂት ቀን ይረዳሉ። የጨጓራ ቁስል፣ የኩላሊት፣ የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይውሰዳቸው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም እንደዚሁ። አይቡፕሮፌንንና ዳይክሎፌናክን አንድ ላይ መዋጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም አይጨምርም። ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ሲመጣ ደግሞ ብዙዎች በባዶ ሆድ ይውጧቸዋል። ከምግብ ጋር ቢሆን ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሙሉ መከላከያ አይደለም።

በጣም የምፈራው «ባንድ ቀን ፈታኝ» የሚባለውን እንክብል ነው። እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶን ያሉት ስቴሮይዶች ብግነትን ቶሎ ያበርዳሉ። ያለ ሐኪም ለወራት ሲዋጡ ስኳርና ደም ግፊት ያስነሳሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ። ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቆምም ራሱ አደጋ አለው። የሚውጡትን መድኃኒት ስም ይጠይቁ። ካልነገሯችሁ አትግዙ።

ሐኪም መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ሌላ ነገር ነው። ለአንዳንዱ ሰው ሳምንታት ወይም ጥቂት ወራት እፎይታ ይሰጣል። ጥናቶቹ ግን አይስማሙም፤ ደጋግሞ መወጋትም አይመከርም። መቀመጫ ላይ የሚወጋው የማስታገሻ መርፌ ደግሞ ከእንክብሉ የተለየ ተአምር የለውም፤ መድኃኒቱ ያው ነው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ለወራት ለውጥ ካልመጣ፣ ሕመሙም እንቅልፍና ሥራ ከከለከለ፣ ቀዶ ሕክምና አለ። ዋናው ትራፔዚየምን ማውጣት ነው። ጀርቪስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፎ ካሳወቀው ወዲህ እስካሁን ይሠራበታል። ከዚያ በኋላ ጅማት መጨመርና ሌላም ሌላም ተሞክሯል። ሲነጻጸሩ ግን ከቀላሉ ማውጣት በግልጽ የበለጠ አልተገኘም። ብዙ ሰው ሕመሙ ይተወዋል። እጅ ግን ወዲያው አይመለስም፤ ወራት ይፈልጋል፣ የመቆንጠጥ ኃይልም እንደ ወጣትነት አይሆንም። ስለዚህ ቀጠሮው ከእርሻና ከአጨዳ ወቅት ጋር መታሰብ አለበት። ሐኪሙ ይህን ላያውቅ ይችላልና ራሳችሁ ንገሩት።

ከየት ይጀመር? በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ያላችሁ ሰዎች በተለይ እሱን አትዝለሉ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት ደሴ ወይም ወልድያ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ 13 ወረዳዎች አንዷ የእትዬ ወረዳ ተሁለደሬ ነበረች። እትዬ መድኑን ሲያሳድሱ ኖረዋል። ለእጃቸው ግን አንድ ቀን አልተጠቀሙበትም፤ የእጅ ሕመም «በሽታ» ስላልመሰላቸው።

ጤና ጣቢያ ስትገቡ «እጄን ቁርጥማት ይዞኛል» ብቻ አትበሉ። በአንድ ጣት ቦታውን አሳዩ። ምን ሲሠሩ እንደሚብስ፣ ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚደድር፣ እስካሁን ምን እንደዋጣችሁ ንገሩ። የእንክብሉን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ።

እትዬን ይዣቸው የሄድኩት በጥቅምት ነው። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ላካቸው። ቅባቱ ታዘዘላቸው፣ ደጋፊም ተለካላቸው። የመጀመሪያውን ወር «ምን አመጣልኝ ይኼ ጨርቅ?» እያሉ አጉረመረሙ። በአራተኛው ወር ማጉረምረሙ ቀረ። ጠዋት ጠዋት አሁንም ያማቸዋል፤ ሳይንሱም አይተውም ይላል። ፈትላቸውንም አልተዉም። ምስር ግን እንደገና ይበላሉ። ባለፈው ሳምንት ስደውል ደህንነቴን ጠይቀው ሳይጨርሱ «ደጋፊው አልቋል፣ ስትመጣ ሌላ ይዘህልኝ ና» አሉኝ።